ሞተሩ የቆመ መኪና እና የችኮላ ውሳኔ

ከለገሃር ወደ ፒያሳ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ እየወጣሁ ነበር። ዋናውን ፖስታ ቤት እንዳለፍኩ የሙቀት መለኪያው ቀይ ውስጥ ገባ። «ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ ብቻ ታድርሰኝ» ብዬ ስገፋት አሮጌዋ ኮሮላዬ ሳትደርስ ቀጥ አለች። ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ስህተቶች ከብልሽቱ ይልቅ አስከፍለውኛል። ብዙ ባለመኪኖች እነዚያኑ ሲደግሙ ስለማይ አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

ደጋግሞ ቁልፍ ማዞር

ሞተር በሙቀት ሲቆም ዘይቱ ቀጥኗል፣ ብረቱም ተለጥጧል። በዚያ ሁኔታ ማስነሳት ፒስቶኑን ከሲሊንደሩ ጋር ሊያናክሰው ይችላል። እኔ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በኋላ መካኒኩ ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ክፍል) አውርዶ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋደመበትና ከጀርባው በባትሪ አበራ። ብርሃኑ በማስመሪያው ሥር ሾልኮ ወጣ፤ ቴስታታው ጎብጧል። እንደቆመች ብተዋት ኖሮ ምናልባት ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) መቀየር ብቻ ይበቃት ነበር።

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው የከፈተ ሰው ደግሞ የሚፈላ ውሃ ፊቱ ላይ ሊፈናጠርበት ይችላል። በእጅ እስኪነካ ድረስ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ መኪናው ይጎተት። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አውቶማቲክ ከሆነ ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች መሬት እየነኩ እንዳይጎተት አደራ፤ አለበለዚያ በሞተሩ ብልሽት ላይ የካምቢዮ ብልሽት ይጨምራሉ።

ሳይለካ «ሞተሩ ጨርሷል» መባልን መቀበል

የመጀመሪያው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ አየና ፈረደ። እኔም አመንኩ። እንዲህ ያለ ፍርድ ግን ልኬት ይጠይቃል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ይዩ፤ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል። ቀጥሎ ካንዴላዎቹ (እሳት የሚሰጡት) ወጥተው የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጥረው ግፊት፣ ይለካ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ዝቅ ካሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት) አልቋል። ካልተነቃነቀ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ወይም ወደ ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከወደቁ ደግሞ የታይሚንግ ቺንጊያው (የቫልቮቹንና የፒስቶኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ) መበጠሱ ይታይ። በአንዳንድ ሞተሮች ቺንጊያው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶን ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ፤ በሌሎቹ ግን አዲስ ቺንጊያ ገብቶ ሥራ ይቀጥላል። ልዩነቱ የብዙ ሺህ ብር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው የኮምፕረሽን ቁጥር እዚህ አይገኝም። ይህን ያላሰበ ሰው ጤነኛውን ሞተር ሞቷል ብሎ ይፈርድበታል።

ሳይጽፉ መኪና አስረክቦ መሄድ

ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የሞተሩን ቁጥር ፎቶ ያንሱ፣ ዋጋውንና የሚቀየረውን ዕቃ በጽሑፍ ይስማሙ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይጠይቁ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም።

ወረቀት የሌለው ሞተር መግዛት

ያገለገለ ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወይም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መሄድ ያለ ነው። ዋጋው ሲረክስ ግን ልብ ይበሉ። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ተመዝግቧል፤ ሞተር ሲቀየር ቁጥሩም በሕጋዊ መንገድ መቀየር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የጉምሩክ ሰነድና ደረሰኝ ያስፈልጋል። አንድ ጎረቤቴ ሰነዱን «በኋላ አመጣለሁ» ያለውን ሻጭ አምኖ ከፈለ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ይሠራል። መኪናውን ሊሸጥ ሲል ግን ቁጥሩ ከሊብሬው አልገጥም አለ፤ ሻጩም የለም። ሰነዱን ሳይዙ ብር አይክፈሉ።

በድንጋጤ ለደላላ መስጠት

«ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ጣለው» የሚለው የውጭ አገር ስሌት እዚህ አይሠራም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ አድርሶታል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ሞተር የሌላት ኮሮላ እንኳ ገዢ አታጣም፤ ደላላው ይህን ከእርስዎ በፊት ያውቃል። ስሌቱ ቀላል ነው። እንበል መኪናዋ ሠርታ 1,200,000 ብር፣ እንደቆመች 850,000 ብር ታወጣለች፤ ልዩነቱ 350,000 ነው። ጥገናው ከእነ መለዋወጫው 200,000 ከሆነ ይጠግኑ፤ 400,000 ከሆነ እንደቆመች መሸጥ ያዋጣል። ሁለቱንም ዋጋ ቢያንስ ከሦስት ሰው ይጠይቁ።

ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። ሙሉ ዋስትና እንኳ በተለምዶ ግጭትና ስርቆትን እንጂ የሞተርን እርጅና አይከፍልም። ውልዎን ያንብቡ።

ሞተሩን አድሶ ምክንያቱን መተው

በጣም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው። የክዳኑ ሞላ ከላላ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲግል ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ከተጣበቀ ወይም ራዲያተሩ በዝገት ከተደፈነ አዲሱም ሞተር እንደ አሮጌው ይበላሻል። እኔ ቴስታታውን አስተካክዬ፣ ፋሻና ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት) ቀይሬ፣ ያንኑ አሮጌ ክዳን መልሼ ገጠምኩ። በሦስተኛው ሳምንት በቸርችል ጎዳና ያው የሙቀት መለኪያው ቀስት እንደገና ሽቅብ መውጣት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ግን ፖስታ ቤቱ ጋ ዳር ይዤ ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ።