በእርከን ላይ የሚተከል የከብት መኖ

በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳርቻ የእርሻ መሬት ያላችሁ ወገኖች፣ ክረምቱ ሳይገባ በእርከኖቻችሁ ላይ የደሾ ሳር ለመትከል እንድትዘጋጁ አጥብቄ እመክራለሁ። ደሾ የሀገራችን ነባር ሳር ሲሆን፣ ሥሩ እርከኑን አጥብቆ ስለሚይዝ በጉማራ፣ በርብና በግልገል አባይ በኩል ወደ ጣና የሚወርደውን አፈር ከማሳው ሳይወጣ ለማስቀረት ይረዳል፤ ቅጠሉ ደግሞ እየታጨደ ለከብት ይቀርባል። የሚተከለው በሥር ግንጣይ ስለሆነ፣ ሳሩ ካለው ጎረቤት ጥቂት ግንጣይ ተቀብሎ ዝናቡ ሲረጋጋ በሰኔና በሐምሌ መጀመር ይቻላል።

በመጀመሪያው ዓመት ከብት እንዳይገባበት መጠበቅ ግን ግድ ነው፤ በእኔ እምነት እርከኖቻችንን ከጎርፉ ባላነሰ የሚያፈርሰው ልቅ ግጦሽ ነው። ሳሩ ብቻውን በቂ ፕሮቲን ስለማይሰጥ፣ በመካከሉ ሰስባንያ የተባለው የመኖ ዛፍ ቢተከል መኖው ይሻሻላል፤ አፈሩም ናይትሮጅን ያገኛል።

ስለ መኖ ዝርያዎች ምክር የሚሻ ሰው አስቀድሞ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ያነጋግር፤ ከዚያም የፎገራን የከብት ዝርያ በመጠበቅ ወደሚታወቀውና ለከተማችን ቅርብ ወደሆነው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሄዶ ይጠይቅ።