ገመድ አልባ ማዳመጫ በድሬ ሙቀት፦ ጆሮን ሳይጎዱ መጠቀም

ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን ገበያ ገብቶ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ የሚመርጥ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ጨረሩ ጭንቅላት አይጎዳም ወይ?» ብሎ ነው። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ የሬዲዮ ሞገድ ሲሆን፣ እንደ ኤክስሬይ ዘረመልን የመስበር ጉልበት የለውም፤ ከማዳመጫው የሚወጣው ኃይልም በአብዛኛው ጥቂት ሚሊዋት ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩን ራሱን ጆሮ ላይ ለጥፎ ከማውራት ያነሰ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. የሬዲዮ ሞገዶችን «ምናልባት ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ» በሚለው ምድብ ማስገባቱ እውነት ቢሆንም፣ ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ውስን መሆኑን እንጂ ጉዳቱ መረጋገጡን አይደለም። በእኔ አስተያየት የድሬ ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው ከጨረሩ ይልቅ ከድምፁና ከላቡ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊደመጥ ይችላል፤ ወደ 90 ዴሲቤል ሲወጣ ግን የሚፈቀደው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ የሚጓዝ ሰው ዘፈኑ ከሞተሩ በላይ እንዲሰማው ድምፁን ይጨምራል፣ ከወረደ በኋላም መቀነሱን ይረሳል። ስለዚህ ድምፁን ከቤት ሳይወጡ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ከከፍተኛው መጠን ከ60 በመቶ ሳያሳልፉ ያስተካክሉትና መንገድ ላይ አይንኩት። አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው በተለመደ ድምፁ ሲያናግርዎ የማይሰሙት ከሆነ በዝቷል ማለት ነው። ማዳመጫውን ካወጡ በኋላ ጆሮዎ ጭው የሚል ከሆነ ደግሞ ጆሮው ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ስለሆነ ያሳርፉት።

አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ማዳመጫው ጫፍ ላይ የሚገጠሙ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማዎች ይገኛሉ፤ ብዙ ሰው ግን የተገጠመውን እንዳለ ይጠቀማል። ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ (የእኔ ግራ ጆሮ ትንሹን፣ ቀኙ መካከለኛውን ይፈልጋል) ለየብቻ ይሞክሯቸው፤ አፍዎን ከፍተው ሲዘጉ የሚወጣ ከሆነ ጎማው ለጆሮዎ ትንሽ ነው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያም ከሆነ ትልቅ ነው። ሻጩ «ሞክረው» ብሎ የሚሰጠው ማሳያ ከስንት ሰው ጆሮ እንደወጣ ስለማይታወቅ፣ በአልኮል ሳይጠረግ ጆሮዎ ውስጥ አያስገቡት።

ሙቀቱ ሲበረታ ከጎማው በስተጀርባ ላብ ይጠራቀማል፤ የራሰ የጆሮ ቀዳዳ ደግሞ ለባክቴሪያና ለፈንገስ ይመቻል። በየሰዓቱ አውጥተው ጆሮው አየር እንዲያገኝ ያድርጉ፤ ከቀትር በኋላ ጋደም ሲሉ ግን ማዳመጫውን ጆሮዎ ውስጥ ፈጽሞ አይተዉት፣ በጎን ሲተኙ ትራሱ ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። በሳምንት አንድ ጊዜ ጎማውን ነቅለው በሳሙናና በውኃ ይጠቡት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መልሰው አይግጠሙት። የድምፅ መውጫው ወንፊት ላይ የተጋገረውን ኩክ፣ ማዳመጫውን ወደ ታች አዘቅዝቀው፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ውኃ አያስነኩት። የጆሮዎን ኩክ ግን በጥጥ አይቆፍሩት፤ ጥጡ ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም።

ጆሮዎ የሚያሳክክ፣ ፈሳሽ የሚወጣው ወይም ሲጎትቱት የሚያም ከሆነ ማዳመጫውን አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ታምቡሩ አለመበሳቱ ሳይታይ ሞቅ ያለ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አያንጠብጥቡበት።