ሐይቁ ሲሞላ በሕዝብ መሬት ላይ አጋዘን እንዴት ይታደናል?

ዝናብ በርትቶ ቴክሶማ ሐይቅ ሲሞላ ብዙ አዳኝ «ቦታዬን ውሃ በላው» ብሎ ቤቱ ይቀራል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሰሞን እወደዋለሁ፤ ሰፊ ጫካ ውስጥ ተበትኖ የነበረው አጋዘን በጠባብ ደረቅ መሬት ላይ ይሰበሰባልና።

ቴክሶማ በቴክሳስና በኦክላሆማ ወሰን ላይ፣ የዴኒሰን ግድብ ሬድ ሪቨርን ገድቦ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ግድቡንና በዙሪያው ያለውን ሰፊ የሕዝብ መሬት የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ ያውጡ። የሁለቱ ስቴቶች ፈቃድ የተለያየ ስለሆነ የሚያድኑበትን ዳር ይለዩ። በቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት መውሰድ አለበት። ቀጥሎ ኮሩ ለሐይቁ ወዳለው ቢሮ ደውለው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በየትኛው ክፍል ምን ዓይነት መሣሪያ ይፈቀዳል (ቀስት ብቻ የሚፈቀድበት ቦታ አለ)፤ በውሃው ምክንያት የተዘጋውስ የትኛው መግቢያ ነው?

ዋናው ሥራ ካርታው ላይ ነው። ኮሩ የሐይቁን ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ በጫማ ለክቶ በየቀኑ ያወጣል። የቴክሶማ መደበኛ ከፍታ 617 ጫማ አካባቢ ሲሆን 640 ሲደርስ ውሃው በግድቡ ማስተንፈሻ (ትርፍ ውሃ መውጫ) ላይ ይፈሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1957፣ በ1990፣ በ2007 እና በ2015 ፈሷል። ዛሬ 630 ነው እንበል። በካርታው ላይ የ630ን ኮንቱር መስመር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) ተከትለው በቀለም ያስምሩ። ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ ውሃ ነው፤ አዲሱ የሐይቅ ዳር ይኸው ነው። አሁን የሕዝብ መሬቱን ወሰን ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ተቀራርበው ደረቁን መሬት የሚያጠቡበት ቦታ የአጋዘን መተላለፊያ ነው። ውሃ የሞላው ሸለቆ ራስም እንዲሁ ነው፤ እንስሳው መዋኘት ቢችልም አብዛኛውን ጊዜ የሸለቆውን ራስ ዞሮ ያልፋል።

አንድ ነገር አደራ፦ ውሃው ወሰኑን አልፎ የግል ማሳ ላይ ቢተኛም ማሳው የሕዝብ አይሆንም። በጀልባ ገብተው አያድኑ።

ከዚያ ቦታውን በእግር ይዩት። የድሮዎቹ መተላለፊያዎች ውሃ ውስጥ ገብተው ስለሚቀሩ አያታልሉዎ። ከአዲሱ ዳር ጋር ትይዩ የሚሄድ ትኩስ ዱካና ከፍ ባለው መሬት ላይ የረገፈ የኦክ ፍሬ ይፈልጉ። ውሃው መጉደል ሲጀምር ጭቃው የትናንት ሌሊቱን ዱካ ሳይቀር ያሳያል።

ሲቀመጡ ነፋሱ ከመሬቱ ወደ ውሃው የሚነፍስበትን ቀን ይምረጡና ዳሩን ይያዙ። ጠረንዎ ሐይቁ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በኩል የሚመጣ አጋዘን እምብዛም ነው።

በካያክ ወይም በጀልባ ከሄዱ ላይፍ ጃኬት ይልበሱ፤ ግንድ ይንሳፈፋል፣ የአጥር ሽቦ ከሥር ተደብቆ ይጠብቃል። ጠመንጃው ጥይት አይጉረስ። ውሃ በሸፈነው መንገድ መኪና አይንዱ።

የሚዋኝ አጋዘን አይተኩሱ። በብዙ ስቴቶች ክልክል ነው፤ ሕግ ባይኖር እንኳ ጎርፍ ያጣበበውን እንስሳ መግደል አደን አይባልም። ደሴት ላይ የተከበበውንም ይተዉት።

የቆሰለ አጋዘን ውሃ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ቀረብ ብሎ ጎኑን እስኪሰጥዎ ይታገሡ። እንደወደቀ ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠውን መለያ (ታግ) ይሙሉና እንስሳው ላይ ያያይዙ፤ ሆድ ዕቃውን አውጥተው ሥጋውን በበረዶ ያቀዝቅዙ። ጥሬ ክትፎና ቁርጥ ግን በዚህ ሥጋ አይሞከርም፤ የጥገኛ ተሕዋስና የባክቴሪያ ስጋት አለ። የተፈጨው 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል።

በቴክሳስ ዋናው የጠመንጃ አደን በኖቬምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ይከፈታል፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ጾመኛ ከሆኑ ሥጋውን አየር እንዳይገባው አጥብቀው ጠቅልለው፣ ቀኑን ጽፈው ለገና ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ።