ሺዮጋማ ላይ ሳኩራ ሊያዩ ሲሄዱ እነዚህን አይሳሳቱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ጃፓን ሳይገባ፣ ቀን ሲመርጥ ነው። የቶኪዮ ሳኩራ (የቼሪ አበባ) የሚፈካው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ይህን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ሚያጊ የሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ወዳለው የሺዮጋማ መቅደስ የሚገሰግስ ሰው እምቡጥ አይቶ ይመለሳል። እዚህ የሚፈለገው ሺዮጋማዛኩራ የሚባለው የሳኩራ ዓይነት ነው። የሚያብበውም ዘግይቶ፣ ኤፕሪል መጨረሻ ገደማ ነው።

ግቢው ውስጥ ቀድመው የሚያብቡ ሌሎች ሳኩራዎችም አሉ። እነሱን ፎቶ አንስቶ «አየሁት» የሚልም አይጠፋም። መለየቱ ግን ቀላል ነው። ጠጋ ብለው አንዷን አበባ ብቻ ይመልከቱ፤ ቅርንጫፉን ግን እንዳይጎትቱ። የተለመደው ሳኩራ አበባ አምስት የአበባ ቅጠል አለው። ይቺ ግን ከ35 እስከ 50 የሚደርሱ ሮዝ የአበባ ቅጠሎች ደራርባለች። መሃሏ ላይ ደግሞ ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ብቅ ይላሉ። ፍሬ የማታፈራውም በዚህ የተነሳ ነው።

በአቅራቢያው ካለው ትልቅ ከተማ ከሴንዳይ ሲነሱ ባቡሩን ይለዩ። «ሺዮጋማ» የሚል ስም ያለበት ጣቢያ አንድ ብቻ አይደለም። ለመቅደሱ የሚቀርበው በሴንሴኪ መስመር ላይ ያለው ሆን ሺዮጋማ ነው፤ ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

መቅደሱ ኮረብታ አናት ላይ ነው። የፊት ለፊቱ መውጫ 202 የድንጋይ ደረጃ አለው፣ ቀጥ ያለ። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ጉልበት ላይ ግን ምሕረት የለውም። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዘው ከሆነ በምሥራቅ በኩል ያለው መንገድ ለስለስ ይላል። በየዓመቱ ማርች 10 አንድ ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሚኮሺ (በሸክም የሚዞር ትንሽ መቅደስ) ተሸክመው የሚወርዱት ግን በዚሁ ባለ 202 ደረጃ ነው። እኛ ባዶ እጃችንን እናማርራለን!

ለእኔ የሚያስቆጨው ስህተት ግን አናቱ ላይ ከተደረሰ በኋላ የሚሠራው ነው። ሰው በሩን አልፎ ፊት ለፊት ያገኘው ሕንፃ ጋ ሳንቲም ይጥልና ይመለሳል። እዚያ ያሉት ታኬሚካዙቺና ፉትሱኑሺ የሚባሉ ሁለት አማልክት ናቸው። ለሰው ጨው ማውጣትን አስተማረ የሚባለው ዋናው አምላክ፣ ሺዮትሱቺ፣ ማደሪያው በስተቀኝ ለብቻው ነው። ቤት ድረስ ሄዶ ባለቤቱን ሳያገኙ መመለስ ማለት ይኼ ነው።

ሥርዓቱ ብዙም አያስጨንቅ። በቶሪው በር ሲያልፉ መሃል መሃሉን አይሂዱ። የእጅ መታጠቢያውን ጭልፋ አፍዎ ላይ አያድርጉ። የሚጸልይ ሰው ሁለቴ እጅ ነስቶ፣ ሁለቴ አጨብጭቦ፣ አንዴ እጅ ይነሳል። እምነቴ አይፈቅድልኝም ካሉ ገለል ብለው ዝም ብለው ይመልከቱ፤ ማንም ምንም አይልዎትም።