ክፍል ውስጥ ቀልብን ሰብስቦ እንዴት መማር ይቻላል?

ተማሪ ሳለሁ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከመምህሩ ሳልነቅል ፊዚክስ ተከታተልኩ። አልቀረሁም፤ አላወራሁም። ውጤቱ ሲመጣ ግን ከኋላ ሆነው ሲያንሾካሽኩ ከከረሙት ልጆች አንሶ ተገኘ። አፍሬ ደብተሬን ስገልጥ ምክንያቱ ታየኝ፤ ከሰሌዳ የተገለበጠ ብዙ ጽሑፍ አለ፣ አስቤበት የጻፍኩት አንድ መስመር ግን የለም። ጨዋ ተማሪ ነበርኩ፤ ልብ ብዬ ግን አላዳመጥኩም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም ነበር።

ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ የሚወስደውም 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዋዜማው መጽሐፉን ግለጡና ርዕሶቹን፣ ሥዕሎቹንና በደማቁ የታተሙትን ቃላት ቃኙ። ምዕራፉን አንብቦ መጨረስ አይጠበቅባችሁም። ከዚያ በነገው ገጽ አናት ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ። ትምህርቱ ስለ ትነት ከሆነ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ፣ የተሰጣ ልብስ ሳይፈላ እንዴት ይደርቃል?»

ይህን ጽፎ የገባ ተማሪ ጆሮው መልስ ያድናል። ሌላም ጥቅም አለው። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያሰላስለው የሚችለው አዲስ ነገር ጥቂት ነው፤ በዘርፉ የተመራመሩ ሰዎች ወደ 4 ያህል ያደርሱታል። «ሞለኪውል» እና «ትነት» የሚሉትን ቃላት ትናንት ካያችኋቸው ዛሬ ቦታ አያጣብቡም፤ ቦታው ለማብራሪያው ይተርፋል።

ስልክ? አጥፍታችሁ ቦርሳ ውስጥ አስገቡት። ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ማስቀመጥ ራስን መሸንገል ነው።

በራሳችሁ ቃል ጻፉ

መምህሩ የሚናገረውን ሁሉ ለመጻፍ አትሞክሩ፤ እስክሪብቶ አንደበትን አይደርስበትም። ስትሯሯጡ ማዳመጡ ይቀርና ጸሐፊ ብቻ ትሆናላችሁ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዋልተር ፖክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው የማስታወሻ አያያዝ እስካሁን ይሠራል። ገጹን በቁም መስመር ለሁለት ክፈሉት፤ ግራው ጠባብ፣ ቀኙ ሰፊ ይሁን፤ ከግርጌም ጥቂት መስመሮች ተዉ። በቀኝ በኩል ማስታወሻ ይጻፋል፣ ግራው ከትምህርቱ በኋላ ጥያቄ ይሰፍርበታል፣ ግርጌው ደግሞ ለማጠቃለያ ነው።

መምህሩ ስለ ትነት 5 ደቂቃ ሲያብራራ ቀኙ ላይ የሚቀረው ይህን ያህል ቢሆን በቂ ነው፦ «ትነት ከውሃው ገጽ ብቻ ነው። ፈጣኖቹ ሞለኪውሎች ያመልጣሉ፣ ቀርፋፎቹ ይቀራሉ፤ ስለዚህ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ላብም እንዲሁ!» የመጨረሻዋ ቃል ከመምህሩ ሳይሆን ከእናንተ የመጣች ናት። ሐሳቡ እንደገባችሁ የምታረጋግጠውም እሷ ናት።

መምህሩ ድምፁን ሲቀንስ፣ አንድን ነገር ሲደግም፣ «ልዩነቱን አስተውሉ» ሲል ወይም «ሦስት ምክንያቶች አሉ» ብሎ መቁጠር ሲጀምር ኮከብ አድርጉበት። ፈተና የሚያወጣው ይኸው ሰው ነውና።

ሐሳባችሁ ሲሸሽ

መሸሹ አይቀርም፤ የጎበዞቹም ይሸሻል። የነቃችሁበት ቦታ ላይ ነጥብ አድርጉ፣ ሁለት መስመር ክፍት ተዉና መምህሩ አሁን ከደረሰበት ተቀላቀሉ። ያመለጣችሁን ከጎረቤት ለመጠየቅ ዞር ካላችሁ የሚቀጥለውም ያመልጣችኋል። ክፍተቱን በእረፍት ሰዓት ሙሉት። «የቤት ሥራዬን የት አስቀመጥኩት?» ዓይነት ጭንቀት የሚነዘንዛችሁ ከሆነ በገጹ ጥግ አንዲት ቃል ጻፉለትና ተዉት።

ነጥቦቹን በሳምንቱ መጨረሻ ቁጠሩ። እኔ ስቆጥር አብዛኞቹ ያረፉት ዘግይቼ በተኛሁበት ማግስት ላይ ሆኖ አገኘኋቸው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ሰው የሚመከረው እንቅልፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው።

ያልገባችሁን ስትጠይቁ «አልገባኝም» ብቻ አትበሉ። «ፈጣኖቹ እንደሚያመልጡ ገብቶኛል፤ የቀረው ለምን እንደሚቀዘቅዝ ግን አልገባኝም» ብትሉ መምህሩ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።

በዚያው ቀን ሸፍናችሁ ጠይቁ

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን የፊደላት ጥምረቶች እየሸመደደ በራሱ ላይ ያደረገውን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። በሙከራው ከሸመደደው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠፍቶበታል። የገባን ትምህርት እንዲህ ፈጥኖ አይጠፋም፤ ካልተነካ ግን እሱም ይሳሳል።

ስለዚህ ወደ ቤት ስትመለሱ ግራው ላይ ጥያቄዎች ጻፉ፦ «ላብ ሰውነትን ለምን ያቀዘቅዛል?» ቀኙን በወረቀት ሸፍኑና ጮክ ብላችሁ መልሱ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቃችሁ ያስመስላል፤ መሸፈን ግን እውነቱን ያወጣዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጊዜ ድገሙት። መልስ ያጣችሁለት ጥያቄ ካለ አትሰርዙት፤ በነገው ገጽ አናት ላይ ገልብጡት።