ሲስተም ገብቶም ስቶክ የማይገጥመው በእነዚህ ስህተቶች ነው

ከተክለ ሃይማኖት እስከ ፒያሳ ብዙ ሱቅና መጋዘን ዛሬ ሶፍትዌር ይጠቀማል። ሆኖም ሲስተሙ «አለ» የሚለው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ይታጣል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሶፍትዌሩ ሳይሆን የአመዘጋገቡ ነው።

አንድን ዕቃ በብዙ ስም መመዝገብ ከሁሉም የከፋው ነው። ሶማሌ ተራ ባለ የመለዋወጫ ሱቅ አንዱ ሻጭ «የዘይት ፊልትሮ»፣ ሌላው «ኦይል ፊልተር» ይለዋል፤ ሦስተኛው በፋብሪካው ቁጥር ብቻ ያስገባዋል። ሪፖርቱ ሲወጣ በአንዱ ስም ዜሮ፣ በሌላው 40 ይላል፤ ባለቤቱ ዜሮውን አይቶ ያለውን ዕቃ መልሶ ያዛል። ለአንድ ዕቃ አንድ ኮድ ይስጡ፤ አዲስ ኮድ የሚከፍተውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። መለኪያም ላይ ተመሳሳይ ችግር አለ። 24 ፍሬ የያዘ ካርቶን «1» ተብሎ ገብቶ በፍሬ ከተሸጠ፣ ሁለተኛው ፍሬ ሲወጣ ስቶኩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሁሉንም በፍሬ ይያዙ፤ የካርቶኑን ምንዛሪ ሲስተሙ ያስላው።

«ሲያልቅ እናዛለን» ማለት ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ አይሠራም። በቀን በአማካይ 6 ፍሬ የሚሸጥ ዕቃ ታዞ በ45 ቀን የሚደርስ ከሆነ፣ እስኪመጣ 270 ፍሬ ይሸጣል። ገበያው ደርቶ በቀን 8 ቢሸጥና ዕቃው ዘግይቶ በ60 ቀን ቢደርስ ግን 480 ያስፈልጋል፤ የ210 ልዩነቱ መጠባበቂያዎ ነው። ስለዚህ መጋዘን ያለውና መንገድ ላይ ያለው ተደምሮ ወደ 480 ሲወርድ ይዘዙ። ቀኑን ሲቆጥሩ መርከብ ከተጫነበት አይጀምሩ፤ የባንክ ወረፋው፣ የጅቡቲ ቆይታውና የጉምሩክ ፍተሻው ሁሉ ይገባበታል።

የግዢ ዋጋን ብቻ አይቶ መሸጫ ዋጋ መተመንም ካፒታል ይበላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ የገባ ዕቃ በወረቀት ላይ ጥሩ ትርፍ እያሳየ መልሶ መግዣው ሊጎድል ይችላል። ለሂሳብ መዝገቡ የግዢው ዋጋ እንዳለ ይቆይ፤ ለውሳኔ ግን ዛሬ ቢገዛ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሳይ ሌላ አምድ ይክፈቱ።

ቀንን በሁለት አቆጣጠር መቀላቀል በተለይ መድኃኒትና ምግብ ላይ አደገኛ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው ማሸጊያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ያንኑ ብቻ ያስገቡ፤ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈውም ቀድሞ ይውጣ።

መብራት ሲጠፋ በደብተር የተያዘ ሽያጭ በማግስቱ «በኋላ እናስገባዋለን» ከተባለ ተረስቶ ይቀራል። ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይዘጋጅ፤ የዘለለ ቁጥር ካለ እሱ ሳይገኝ ቀኑ አይዘጋ።

ቆጠራን ለሰኔ 30 ብቻ ማቆየት ስህተቱን የዓመት ያደርገዋል፤ በዚያን ጊዜ መቼና በማን እንደጎደለ ማወቅ አይቻልም። አብዛኛውን ገንዘብ የያዙትን ጥቂት ዕቃዎች በየወሩ፣ መካከለኞቹን በየሩብ ዓመቱ፣ ርካሾቹን በዓመት አንዴ ይቁጠሩ። ሲቆጠር ገቢና ወጪ ይቁም፤ ቆጣሪው የሲስተሙን ቁጥር አስቀድሞ አይይ፤ ካየው እሱኑ ወደ መጻፍ ያዘነብላል። ልዩነት ሲገኝ ማስተካከያውን ስቶር ኪፐሩ ራሱ አያስገባ፤ ምክንያቱ ተጽፎ ሌላ ሰው ፈርሞ ያጽድቀው።