«ወላጅ አምጣ» ከማለትህ በፊት

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ የሚያስተምር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ልጅ ያጠፋል፣ የሌላውን ልጅ ደብተር ይቀድዳል እንበል፣ ዩኒት ሊደሩ ያንበረክከዋል፣ ከዚያ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። እናቱ የቀን ሥራዋን ትታ ትመጣለች፣ ካልሆነም ልጁ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ከች ይላል። ደብተሩ የተቀደደበት ልጅ ግን ያው ያለ ደብተር ነው። መግረፉን ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከልክሎታል።

እና ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሁለቱንም ለየብቻ አናግራቸው። ዋናው ሥራ ይሄ ስለሆነ አትቸኩል። ያጠፋውን «ለምን?» አትበለው፣ ሰበብ ይደረድርልሃል። ይልቅ ምን ተፈጠረ፣ ያኔ ምን እያሰብክ ነበር፣ ማን ተጎዳ፣ እንዴት ልታስተካክለው ነው ብለህ ጠይቀውና ዝም በል። ጭጭ ቢልም ቶሎ ገብተህ አትመልስለት። የተጎዳውንም ምን እንደተሰማውና ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ጠይቀው። አብሮ መቀመጥ ካልፈለገ ይቅር፣ በተለይ ነገሩ ተደጋጋሚ ማስፈራራት ከሆነ።

ሁለቱም እሺ ካሉ ወንበሮቹን ክብ አድርግ። ዳስተር ይዙር፣ የያዘው ብቻ ይናገር፣ የተጎዳው ይጀምር። ሽምግልና ስለለመድን «በሉ ተሳሳሙ» ማለት ያምረናል። ተው፣ በትእዛዝ የወጣ ይቅርታ ከበሩ አያልፍም።

ስምምነቱ የሚጨበጥ ይሁን። «ሁለተኛ አይለምደኝም» ምንም ማለት አይደለም። የቀደደውን የሳይንስ ደብተር ሁለት ምዕራፍ እስከ ዓርብ በእጁ ገልብጦ ያምጣ፣ ይሄ ስምምነት ነው። ጻፉት፣ ይፈርሙበት። ዓርብ ሲደርስ ደብተሩን ራስህ ገልጠህ እይ፤ አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ነው የሚዘነጋው፣ ልጆቹ ደግሞ መዘንጋትህን ወዲያው ያውቃሉ።

«ክፍሌ በተማሪ ጢም ብሏል፣ ጊዜ ከየት?» ካልክ፣ ለጥቃቅኑ ክብ አያስፈልግም፣ ጥያቄዎቹን በእረፍት ሰዓት በረንዳ ላይ መጠየቅ ይበቃል። ስለት የተመዘዘበት ወይም ጾታዊ ጥቃት ያለበት ጉዳይ ግን በፍጹም በክብ አይታይም፣ በቀጥታ ለርዕሰ መምህሩና ለፖሊስ ነው። ወላጅንም አትርሳ፤ እናትየው ከሥራ ስትገባ፣ ማታ ደውልላትና የተስማሙበትን አንብብላት።